አሥሩም ጣቶች

መጋቢት 3

ስልሳ አንድ ሰው መዘገብኩ ዛሬ። ከተቀጠርኩ ወዲህ ትልቁ ቁጥር። የወንበሬ አንድ እግር አሁንም ይወዛወዛል... ካርቶን አጥፌ ከሥሩ ከተትኩበት፣ እስከ ምሳ ቆየልኝ።

ሥራው ያው ነው። ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል። ጣትዎን እዚህ ጋ። ጫን ያድርጉት። ሌላኛውን። አሥሩም ሲያልቅ አረንጓዴ ይበራል፣ ዋሌቱ፣ ማለት የስልክ ገንዘብ ቦርሳው፣ ይከፈታል፣ እኔ ደግሞ «እንኳን ደስ አለዎት!» እላለሁ። ግዴታ ነው። አለቃችን መስታወቱ ላይ ለጥፎታል፤ ማንም ደንበኛ «እንኳን ደስ አለዎት» ሳይባል አይሸኝም ብሎ። ስልሳ አንድ ጊዜ አልኩት። አፌ ደረቀ።

አንድ ሽማግሌ «በምኑ ነው ደስ የሚለኝ ልጄ? የገዛ ገንዘቤ እኮ ነው» አሉኝ። ሳቄን አፈንኩ። ቀላል ነው አባባ፣ ማዕከላዊ ባንኩ ወረቀቱን ሊያስቀረው ነው፣ ከግንቦት ሠላሳ በኋላ ሁሉም በስልክዎ ነው አልኳቸው። ቀላል ነው፣ ቀላል ነው... በቀን ስንቴ ነው የምለው?

ቤት ስገባ እማ የምታጥብለትን ሆቴል አንሶላ እያጠፈች ነበር። ስለ አዲሱ ገንዘብ ነገርኳት። አንሶላውን አገጯ ሥር ይዛ አዳመጠችኝ።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለች።

«እማ ደግሞ! አንቺም ትመዘገቢያለሽ።»

«እመዘገባለኋ! ከማን አንሼ!»

መጋቢት 8

አከራያችን ልጇ ጋ ጠቅልላ ልትሄድ ነው። ግቢውን ልትሸጥ ነው። ክው አልኩ... ከዚህ ወዴት እንሄዳለን? ጥርሴን የነቀልኩበት ግቢ እኮ ነው።

ሴትየዋ ግን እማን አስቀምጣ «ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ኪራይ አላሳደርሽብኝም። ሁለቱን ክፍል ከነቧንቧው ላንቺ ነው የምሰጥሽ፣ ለደላላ አላስነካውም» አለቻት። ዋጋውንም ቀነሰች። ገንዘቡ እስከ ግንቦት ሠላሳ ይድረሰኝ አለች። በወረቀት ግን አልቀበልም፣ ለአንድ ሰው የተፈቀደውን ወረቀት ቀይሬ ጨርሻለሁ፣ በዋሌት ላኩልኝ አለች።

እኔ በሆዴ «ከየት አምጥተን?» እላለሁ። እማ ተነሳች። አልጋው ሥር ገብታ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አወጣች። ስትከፍተው የሳሙና ሽታ ቤቱን ሞላው። ገንዘቡ ታጥቧል! ታጥቦም ተተኩሷል! እያንዳንዱ ወረቀት እንደ መሀረብ ቀጥ ብሎ ተደርድሯል።

«ቆሻሻ ገንዘብ አልወድም» አለች፣ እንደ ዋዛ።

ሠላሳ ዓመት የሰው ልብስ አጥባ ያጠራቀመችው ነው። ዋጋውን ልክክ ብሎ ይሞላል። እኔ የት ነበርኩ? አንድ ቤት እየኖርን...

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ጫማ ትገዢበት ነበር።»

እውነቷን ነው።

መጋቢት 12

እማን ይዣት ሄድኩ። የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ። መስኮቴ ፊት ስትቀመጥ ወደ ሰልፉ ዞራ «ልጄ ናት» አለች። ሰው ሁሉ ፈገግ አለ።

የቀኝ አውራ ጣት። ቀይ። እንደገና። ቀይ። እጇን በጨርቅ ጠረግኩላት። ቀይ። ጠቋሚዋ፣ የመሀሏ፣ የቀለበቷ፣ ትንሿ... የግራውንም። «አሻራ አልተገኘም፤ እባክዎ እንደገና ይሞክሩ።» ሞከርን። አሥሩንም ሦስት ሦስት ጊዜ። ሰልፉ ማጉረምረም ጀመረ።

ያኔ ነው ጣቶቿን ያየሁት። በየቀኑ የማየውን እጅ! እንደ ተላጠ እንቁላል ልሙጥ ነው። መስመር የሚባል ነገር የለበትም። በረኪናው፣ ሶዳው፣ ሠላሳ ዓመት ፍትጊያው... ሙልጭ አድርጎ ወስዶታል።

«ምነው? ቆሽሿል እንዴ?» አለችኝ፣ እጇን ወደ ራሷ አዙራ እያየች።

አለቃችን መጣ። እርስ በርስ አቶ ሲስተም ነው የምንለው፤ ምንም ቢጠየቅ «ሲስተሙ ነው» ይላል። እናቴ መሆኗን ነገርኩት። «ሲስተሙ ካልተቀበለ አልተቀበለም። ሰው ቆሟል፣ ቀጣይ በይ» አለ።

ቀጣይ አልኩ። የገዛ እናቴን አስነስቼ።

መጋቢት 13

ግማሹን በኔ ዋሌት ቀየርኩ። አንድ ሰው የሚቀይረው ወረቀት ጣሪያ አለው፤ የቆርቆሮው ግማሽ የኔን ሞላው። «ገንዘቡ የራሴ ነው» የሚል ቅጽ ላይ ፈረምኩ። የእናቴ የኔ አይደል? ሌላው ግማሽ ቆርቆሮው ውስጥ ቀርቷል። ለሱ የእማ ጣት ያስፈልጋል። ጣቷ ካልተነበበ ቤቱ የለም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

መጋቢት 21

ፈቃድ ወስጄ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። አራት መስኮት አዞሩኝ። አምስተኛው ላይ «ልዩ ሁኔታ» የሚባል ቅጽ አለ አሉኝ። እሰይ! አልኩ። ቁጭ ብዬ አነበብኩት... ጣት ለሌላቸው ሰዎች ነው። በሐኪም ተረጋግጦ።

«እናቴ ጣት አላት፣ የሌላት አሻራ ነው» አልኳት ልጅቷን።

«ጣት ካላት አሻራ አላት።»

«የላትም እኮ ነው የምልሽ።»

«እንግዲያ ከሐኪም አጽፈሽ ነያ።»

ክፉ ልጅ አይደለችም። ከንፈሯን መጠጠችልኝ። የተመጠጠ ከንፈር ማኅተም አይሆን ነገር...

መጋቢት 24

ሐኪሙ የእማን እጅ እያገላበጠ አየ። ይጨብጡ አላት፣ ጨበጠች። ጣቱን ሳታሳምመው አልቀረችም። «እናቴ፣ እንዲህ ያለ ጉልበት እኔም የለኝ!» ብሎ ሳቀ። አሻራዋ እንደጠፋ እንዲጽፍልን ለመንኩት። እኔ የማውቀው በሽታ ነው፣ አሻራ በሽታ አይደለም አለ። ከዚያ ጻፈ። «አሥሩም ጣቶች ሙሉና ጤነኛ ናቸው።» ማኅተሙን መታበት።

እማ ደስ ብሏት ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ጤነኛ ናቸው ተብላ... ምን ልበላት?

መጋቢት 29

ቅጹ ተመለሰ። «ጉዳዩ አመልካቿን አይመለከትም።» ሌላ ማመልከቻ ጻፍኩ፣ በገዛ ቃሌ፣ ሁለት ገጽ። «በመታየት ላይ ነው» የሚል መልእክት ስልኬ ላይ ወዲያው ገባ። ወዲያው! እንዲህ የፈጠነውስ ማን አይቶት ነው?

ሚያዝያ 2

ማሽን የሚጠግነው ቴክኒሺያን መጥቶ ነበር። ዝምተኛ ነው፣ ሻይ ጋበዝኩትና ነገርኩት።

«ቆዳ እኮ ያድጋል» አለ። «ግንበኞችንም ይገጥማቸዋል። ከውሃ፣ ከሳሙና፣ ከበረኪና ትራቅ። ጠዋት ማታ ቫዝሊን። በስድስት በስምንት ሳምንት ሊመለስ ይችላል። ማሽኑ ከመቶ ስልሳ ካነበበ ይከፍታል።»

ቆጠርኩ። ግንቦት 28 ላይ ስምንት ሳምንት ይሞላል። ይደርሳል! ዳቦዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ለእማ ስነግራት ግን ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። «ስምንት ሳምንት ሳላጥብ? ሬሳ ልታደርጊኝ ነው?»

«ለቤቱ ነው እማ።»

ቧንቧውን አየችው። «ለቤቱ ከሆነ...» አለች።

ሆቴሉን ታምሜያለሁ ብላ አስፈቀደች። በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ውሸት ሳትሆን አትቀርም።

ሚያዝያ 11

ማጠቡ በኔ ዞረ። እማ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ በላዬ ላይ ቆማለች፣ እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ።

«አንገትጌውን! አንገትጌውን! የሰው ልጅ የሚያቆሽሸው አንገትጌውን ነው።»

«እያጠብኩት ነው እኮ።»

«ልብስ እያጠብሽ ነው ወይስ እያባበልሽ?»

እጄ ተላላጠ። ወገቤ ቁርጥ ሊል ደረሰ። አንድ ቀን ነው ያጠብኩት። አንድ ቀን! እሷ ሠላሳ ዓመት... ያውም እኔን አዝላ።

ማታ ማታ ፊቷንም እኔ ነኝ የማጥባት። ዓይኗን ጨፍና ትሰጠኛለች። «አሳደግሽኝ» አለችኝ ዛሬ።

ሚያዝያ 16

ባለ ሱቁ እማን ጠራት። የኔና የዘመዶቼ የመቀየሪያ ጣሪያ ገና ክፍት ነው፣ ቀሪውን ወረቀትሽን በኛ ስም ልቀይርልሽ፣ ሲሦውን ግን ለኔ አላት። ሲሦውን! ሰፈሩ ሁሉ እየሰጠው ነው አሉ። ሀብታም ሆኗል በዚህ ወር።

እማ የገዛችውን ክብሪት መልሳለት ወጣች።

እኔ ግን ልቤ ተከፈለ... ሲሦው ቢሄድ ዋጋው አይሞላም፣ ግን አከራያችን ትታገሠን ይሆናል። እንስጠው እንዴ? አልኳት።

«እኔ የሰው እድፍ ሳስለቅቅ እሱ የት ነበረ?» አለች። በቃ፣ ነገሩ ተዘጋ።

ሚያዝያ 23

«ነዪ! ነዪ እዪ!» ብላ ጮኸች። ምን ሆነች ብዬ ሮጥኩ። መስኮቱ ጋ ቆማ አውራ ጣቷን ወደ ብርሃን ይዛለች። አንድ ቀጭን ክር የምታክል... መስመር! በስልኬ ካሜራ አጎላሁት። አንድ ብቻ አይደለም፣ አራት አምስት ናቸው። ክብ ሠርተው ይታያሉ።

ተቃቀፍን። ጎረቤት ምን ተገኘ ብሎ በር ላይ ቆመ። እማ ጣቷን ለሁሉም አሳየች። አዲስ ጥርስ እንዳበቀለ ሕፃን።

ተመስገን። ዛሬ ቀለል አለኝ።

ሚያዝያ 27

ሆቴሉ ማሽን ገዝቷል። ሦስት ትልልቅ ማጠቢያ። የልብስ ክፍሉ ኃላፊ ራሱ ደውሎ ነገራት። ለማንኛውም ከግንቦት በኋላ ዋሌት ለሌለው ሠራተኛ መክፈል አንችልም ነበር አላት። በጨዋ ደንብ አመስግኖ ዘጋ።

እማ «ማሽን አንገትጌ አያውቅም» አለች። ቫዝሊኗን ተቀባች።

ግንቦት 1

ማመልከቻዬ አሁንም «በመታየት ላይ» ነው። ማነው ሲያየው የሚውለው?

ግንቦት 14

ቴክኒሺያኑ በሱ ማሽን ሞከረልን። አርባ ስምንት! ከዜሮ ተነስታ አርባ ስምንት። «ጥሩ እየሄደች ነው፣ ሌላ ሁለት ሳምንት አደራ» አለ። ለግንቦት 28 ጠዋት ቀጠረን። ስልሳ ከሞላች እዚያው ይመዘግባታል፣ በዚያው ቀን ወረቀቱን እንቀይራለን፣ በማግሥቱ ለአከራያችን እንልካለን። አንድ ቀን ይተርፈናል።

አጠገቤ ያለችው ባልደረባዬ... ቀብራራዋ ነው የምንላት፣ ጥፍሯ የማይነካ... ጠጋ ብላ «ምን አስጨነቀሽ፣ የራስሽን ጣት አስነብበሽ በእናትሽ ስም አትከፍቺም?» አለችኝ። አስቤው አላውቅም ብል ውሸት ነው። ግን ባለፈው ሌላ ጣቢያ አንዱ ለአባቱ እንዲያ አድርጎ ሲስተሙ አንድ ጣት በሁለት ስም አገኘ። ሁለቱንም ቆለፈው። አባትም ልጅም ዳቦ መግዣ አጡ። የኔ ከተቆለፈ ግማሹም ሄደ ማለት ነው። ተይኝ አልኳት።

«እንግዲያ በጸሎት በርቺ» አለች። እሷም እውነቷን ነው።

ግንቦት 25

ምን ዓይነት ቀን ነው! እስክሪብቶ ኪሴ ውስጥ ፈሰሰ። ነጩ የሥራ ሸሚዜ ደረቱ ላይ ሰማያዊ ሆነ። ሁለተኛው ሸሚዜ ብብቱ ተቀዷል። 28 ላይ ደግሞ ከዋናው መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ ይመጣል፣ አቶ ሲስተም ልብሳችሁ እንከን እንዳይኖረው ብሎ ሲያስጠነቅቅ ነው የዋለው።

እማ ሸሚዙን አየችው። ዓይኗ እድፉ ላይ ተተከለ።

«እንዳትነኪው!» አልኳት። «ላውንደሪ እሰጠዋለሁ።»

«ላውንደሪ» አለች፣ ቃሉን አኝካ።

ግንቦት 26

የተቀደደውን ለብሼ ክንዴን ገጥሜ ዋልኩ። ሸሚዙን ላውንደሪ ማድረስ ረሳሁት። ከበሩ ኋላ እንደተሰቀለ ነው። ነገ።

የእማን አውራ ጣት አየሁ። ዙሪያውን ሞልቷል። ያምራል። በሕይወቴ እንዲህ የሚያምር ነገር አላየሁም።

ግንቦት 27

ሸሚዙን ዛሬም ረስቼው ወጣሁ። ለምን ረሳሁ? እንዴት እረሳለሁ?

ማታ ግቢው በር ላይ ስደርስ በረኪና ሸተተኝ። ገመዱ ላይ ሸሚዜ። ነጭ። የቀለሙ ጥላ እንኳ የለበትም። ከሱ ቀጥሎ አንሶላችን። መጋረጃው። የጠረጴዛ ልብሱ...

እማ ደፉ ላይ ተቀምጣለች፣ እጇ ሻርፗ ውስጥ።

«አሳዪኝ።»

«ምኑን?»

«እማ፣ አሳዪኝ!»

አወጣችው። ቀልቷል፣ ተጨማዷል። አውራ ጣቷን ወደ መብራቱ አዞርኩት። ልሙጥ።

«አትንኪው አላልኩሽም? ላውንደሪ እሰጠዋለሁ አላልኩሽም?»

«እኔ በሕይወቴ ቁጭ ብዬ የልጄን ሸሚዝ ላውንደሪ?» አለች። ከዚያ ድምጿ ወረደ። «ነገ ተቆጣጣሪ ይመጣል አልሽ። ጫፉን ብቻ ላስነካው ብዬ ነበር... ቀለሙ እምቢ አለኝ። እልህ ያዘኝ። እድፍ እምቢ ብሎኝ አያውቅም እኮ። ሲለቅልኝ ጊዜ ደግሞ በረኪናው ተዘፍዝፎ ሊባክን ነው ብዬ፣ አንሶላውንም...»

ጮህኩባት። እናቴ ላይ እንዲያ ጮኼ አላውቅም። ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም።

እሷ ሸሚዙን ተኩሳ ወንበሩ ላይ ሰቀለችልኝ።

ግንቦት 28

ሃያ ሁለት። ከመቶ ሃያ ሁለት።

ቴክኒሺያኑ ማሽኑን ጠረገ፣ አጥፍቶ አበራው። ሃያ አንድ። «ምን ነካቸው?» አለኝ። እማ ጣቷን ማሽኑ ላይ እንደያዘች እኔን ታየኛለች፣ ልጅ መምህሩን እንደሚያይ።

ተቆጣጣሪው በየመስኮቱ ሲዞር እኔ ጋ ቆመ። «ሠራተኛ ማለት እንዲህ ነው፣ ሸሚዟን እዩ» አለ። አቶ ሲስተም ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እማ መጠበቂያው ወንበር ላይ ሆና ሰማች። ትንሽ ቀና አለች።

ከሥራ እንደወጣን ባለ ሱቁ ጋ በረርን። ሲሦውን ይውሰድ፣ ግማሹንም ይውሰድ... እማ ራሷ ናት የለመነችው፣ ቆርቆሮውን አቅፋ። «የኔ እናት፣ ትናንት ማታ ሞላ» አላት። «ትናንት ከሰዓት ብትመጪ እኮ...» ትናንት ከሰዓት እማ መጋረጃ እያጠበች ነበር።

ግንቦት 29

ለአጎቴ ደወልኩ፣ የሱ ሞልቷል። ቀብራራዋ ሳልጠይቃት መጥታ «የኔም ሞልቷል፣ የአክስቶቼን ነው የቀየርኩት፣ በሞትኩት» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ለአከራያችን ግማሹን ዛሬ ልላክ፣ ቀሪውን በየወሩ ልክፈል አልኳት። «ልጄ፣ እኔም የምገባበትን ቤት የምከፍለው በሱ ነው» አለች። ምንስ ታድርግ?

ሌላ የምደውልለት ሰው ቁጥር ፈለግኩ። የለም።

ግንቦት 30

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነበር። ሰልፉ መንገዱን ተሻግሯል። እማ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ቆርቆሮውን ጭኗ ላይ አድርጋ መጠበቂያው ላይ ተቀመጠች። ወደ ቤት ሂጂ አልኳት፣ «ምናልባት» አለች። ምናልባት ምን?

ማመልከቻውን በየደቂቃው አየሁ። በመታየት ላይ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የመቀየሪያው ሳጥን ከስክሪኔ ላይ ጠፋ። ማንም ምንም አላጠፋም፣ ራሱ ጠፋ። መቀየር አበቃ፤ ምዝገባው ብቻ ነው የሚቀጥለው። እማ ክዳኑን ገጠመችና «እንሂድ በቃ፣ ደክሞሻል» አለችኝ።

ሰኔ 4

ግቢውን የመድኃኒት መጋዘን ሊያደርገው የሚፈልግ ሰው ገዛው። አከራያችን እማ አንገት ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እማ ናት ያባበለቻት።

ሰኔ 19

አዲሱ ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቧንቧው ምድር ቤት፣ ያውም በተራ። ግቢ የለው፣ ገመድ ማሰሪያ የለው። ልብስ ማጠብ ክልክል ነው የሚል ደረጃው ላይ ተለጥፏል። በኔ ዋሌት ያለው ግማሽ ኪራይ እየሆነ ይቀነሳል... እማ ያጠበቻቸው አንገትጌዎች ናቸው እኮ።

ቆርቆሮው አልጋው ሥር ነው። ለምን አትጥዪውም? አልኳት።

«ንጹሕ ነው እኮ» አለች።

ሰኔ 30

ዳቦ ቤቷ ወረቀት አልቀበልም አለቻት። ታውቃለች፣ ግን ሞከረች። ባዶ እጇን ተመለሰች። እኔ ከሥራ እስክገባ ሳትበላ ዋለች። ጎረቤት ለምን አልጠየቅሽም ብላት «ገና አልተዋወቅንም» አለችኝ።

አሁን ጠዋት ስወጣ የምትፈልገውን ትነግረኛለች። ዳቦ። ክር። ድሮ እኔ ነበርኩ በሩ ላይ ቆሜ ከረሜላ የምላት።

ስለ ሸሚዙ ይቅርታ ልጠይቃት እያልኩ... ምን ብዬ? ለብሼው ነው የምወጣው፣ በየቀኑ።

ሐምሌ 18

ሥራ ቦታ አንድ ግንበኛ መጣ። አሥሩም ቀይ። «ምን ይሻለኛል?» አለኝ። ቀላል ነው የምለውን ፈለግኩት፣ አፌ ላይ አጣሁት። ስለ ቫዝሊኑ ነገርኩት። ስምንት ሳምንት ሥራ ካቆምኩ ልጆቼን ምን ላበላ? አለ። አቶ ሲስተም ከኋላዬ «ቀጣይ» አለ።

ሐምሌ 26

እማ ዛሬ ሳልጠራት መጣች። ብቻዋን፣ ሰልፍ ይዛ፣ ተራዋን ጠብቃ። ተቀመጠች። የክት ቀሚሷን ለብሳለች። ለሰልፉ ምንም አላለችም።

«ዳቦ እንኳ ራሴ ልግዛ» አለችኝ።

አውራ ጣቷን አስቀመጠች። አረንጓዴ። እኔ ነኝ የደነገጥኩት። ሰባ አንድ። ጠቋሚዋ አረንጓዴ። የመሀሏም። የምታጥበው አጥታ ሁለት ወር የተቀመጠች እጅ... አሥሩም ጥርት ብለው ተነበቡ። ሐኪሙ እንዳለው ሙሉና ጤነኛ ናቸው።

ዋሌቱ ተከፈተ። ስሟ ወጣ። ከሥሩ «ቀሪ ሂሳብ 0.00»።

አየችው። «ባዶ ነው፣ አይደል?»

«ባዶ ነው እማ።»

«ይሁን።» እጇን መለሰችና ጭኗ ላይ አስቀመጠች። አልተነሳችም። ሰልፉ ቆሟል። ይቅርታ እማ ልላት ነበር፣ እዚያው፣ በሰው ፊት... ቀደመችኝ።

«ለኔ አትይኝም?» አለችኝ።

«ምኑን?»

መስታወቱ ላይ ወደ ተለጠፈው ጠቆመች። «ለሁሉም ትይው የለ።»

እንኳን ደስ አለዎት አልኳት። በአንቱታ፣ እንደተጻፈው። ራሷን ዝቅ አድርጋ አመሰገነችኝና ተነሳች። ቀጣዩን ጠራሁ።